የኩማሎ ጎዳና ሒሳብ

ቶኮዛ ከጆሐንስበርግ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከአልበርተን ከተማ አጠገብ የሚገኝ የጥቁሮች መኖሪያ ሠፈር ነው። እኛ በደቡብ አፍሪካ የተሰደድን ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ሠፈር ሁሉ «ሎኬሽን» እንለዋለን፤ ቃሉ ጥቁር ሰው የሚታጎርበትን ቦታ ለመሰየም ነጮቹ ያወጡት መሆኑን ልብ ሳንል። «ቶኮዛ» ግን የዙሉ ቃል ነው፤ «ደስ ይበልህ» እንደ ማለት ነው። በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ የዱቤ ደብተሬን በጉያዬ ይዤ በዚህ ሠፈር በር ማንኳኳት ስጀምር፣ በአገሬ ታሪክ አስተምር የነበርሁ ሰው ስለ ቶኮዛ ታሪክ አንዲት ነገር አላውቅም ነበር።

ኩማሎ ጎዳና የሠፈሩ ዋና መንገድ ነው። በዚህ ጎዳና ላይ በ1999 የተመረቀ፣ የሟቾች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛዬ፣ የብርድ ልብሳቸውን ዕዳ በየወሩ ከጡረታቸው እየቆጠሩ የሚከፍሉኝ ሴት፣ አንድ ቀን በዚያ ስናልፍ ቆም አሉና፣ «የልጄ ስም እዚህ አለ፤ ልጄን የገደለው ሰው ስምም ሊኖር ይችላል። ድንጋዩ ማን ማንን እንደ ገደለ አይናገርም» አሉኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ሐውልት አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ አገር ሐውልት የሚቆመው ለአንድ ወገን ነው፤ ሌላው ወገን ደግሞ ተራውን ጠብቆ ያፈርሰዋል።

በዚያ ድንጋይ ላይ ያሉት ሰዎች ስለ ምን እንደ ሞቱ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መጽሐፍ አገላበጥሁ፤ ከሆስቴል ነዋሪዎችም ከቤት ባለቤቶችም ጋር ተጫወትሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ሌላ ሕዝብ ጦርነት ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን «እገሌ የተባለው ብሔር በላ፣ እኛ ጦማችንን አደርን» እያልን የምንይዘው ሒሳብ ወዴት እንደሚያደርስ፣ ከሰው አገር ታሪክ ይልቅ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ነገር ስለሌለ ነው።

የአልጋ ቁጥር

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1913 ባወጣው የመሬት ሕግ አብዛኛው ሕዝብ ለሆነው ለጥቁሩ የተከለለለት የአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1936 ወደ 13 በመቶ ግድም ከፍ አለ። መሬት ያጣው ገበሬ ወደ ማዕድን ማውጫውና ወደ ፋብሪካው መውረዱ የማይቀር ሆነ። ከተማው ግን ጉልበቱን እንጂ ሰውየውን አልፈለገውም። ከ1923 ጀምሮ የወጡት የከተማ ሕጎች ጥቁሩን በሁለት ከፈሉት። በ1952 በተሻሻለው ሕግ አንቀጽ 10 መሠረት፣ በከተማው ተወልዶ ያደገ፣ ወይም ለአንድ ቀጣሪ 10 ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ፣ ወይም በሕጋዊ መንገድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በከተማ የመኖር መብት ነበረው። ሌላው በ72 ሰዓት ውስጥ ሥራ ካላገኘ የሚባረር፣ ቢያገኝም ውሉ ሲያልቅ ወደ መጣበት የሚመለስ እንግዳ ነበር።

ቶኮዛ በ1950ዎቹ ሲቆረቆር ይህ ክፍፍል በሠፈሩ አሠራር ላይ ታተመ። መብት ላላቸው ከማዘጋጃ ቤት የሚከራዩ ትናንሽ ቤቶች ተሠሩ። መብት ለሌላቸው ደግሞ የወንዶች ሆስቴል ቆመ፤ በኩማሎ ጎዳና ዙሪያ ሦስት ነበሩ። በሆስቴል ውስጥ ሰው የሚከራየው ቤት ወይም ክፍል አልነበረም፤ አልጋ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ በናታል ወይም በትራንስኬይ ገጠር ቀርተው፣ እርሱ በአልጋ ቁጥር ይኖራል። አንድ የሆስቴል ሽማግሌ ብርድ ልብስ ሲገዙኝ አድራሻቸውን ብጠይቃቸው የነገሩኝ ያንኑ ቁጥር ነበር። ሕጉ ከተሻረ ከ20 ዓመት በኋላ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በቤቱና በሆስቴሉ መካከል የነበረው ልዩነት ከነጮቹ አልበርተን አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው። ቤቱም ጠባብ፣ ውሃውም ከደጅ የሚቀዳ፣ ነዋሪውም የይለፍ መጽሐፍ የሚያሳይ ነበር። ነገር ግን ሰው ኑሮውን የሚለካው በየቀኑ ከሚያየው ጎረቤቱ ጋር ነው። ለሆስቴሉ ሰው የቤቱ ባለቤት ከሚስቱ ጋር የሚያድር፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ «ገጠሬ» እያለ የሚንቀው ሰው ነበር። ለቤቱ ባለቤት ደግሞ የሆስቴሉ ሰው ኃላፊነት የሌለው፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚቀጠር፣ ለአለቃ የሚታዘዝ መጤ ነበር።

ይህ ንቀትና ቅሬታ ገና ከጥንቱ አደገኛ መሆኑ ታይቷል። በኦገስት 1976፣ የሶዌቶ ወጣቶች ሠራተኛው ከሥራ እንዲቀር አድማ ሲጠሩ፣ የምዚምሽሎፔ ሆስቴል ነዋሪዎች በአካባቢው ሕዝብ ላይ ወጡ። ፖሊስ እንደ ገፋፋቸው በጊዜው የነበሩ ጋዜጠኞች መስክረዋል። ይሁንና አድማውን የጠሩት ወጣቶችም ለሆስቴሉ ሰው አስቀድመው አላማከሩትም ነበር። አንድ ቀን ሥራ መቅረት ለከተማው ልጅ ተቃውሞ ነው፤ በውል ለሚኖረው ግን ውሉን አጥቶ ወደ ገጠር መመለስ ሊሆን ይችላል።

ሰውየው ማንን ከሰሰ?

ቶኮዛን ከማውቀው ጀምሮ ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። ሪኮቶ የሚባል፣ ከቶኮዛ እምብዛም በማይርቀው በጀርሚስተን የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ ለአንድ ቀጣሪ ከ10 ዓመት በላይ ሠርቷል። ነገር ግን በ1968 የወጣ ደንብ የገጠሩ ሠራተኛ ውሉን በየዓመቱ እየተመለሰ እንዲያድስ ያስገድድ ስለነበር፣ ባለሥልጣናቱ «አቋርጠሃል» ብለው የ10 ዓመቱን መብት ከለከሉት። ሪኮቶ የምሥራቅ ራንድ አስተዳደር ቦርድን ከሰሰ። በ1983 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ በእርሱ ፍርድ ምክንያት በሺዎች ለሚቆጠሩ ሌሎች ሠራተኞች የመኖሪያ መብት በር ተከፈተ።

ይህ ሰው ከበቂ በላይ ቅሬታ ነበረው። በእርሱና በከተማ ተወላጁ ጎረቤቱ መካከል ያለው የመብት ልዩነት እውነተኛ እንጂ የሚመስለው ብቻ አልነበረም። ሆኖም የከሰሰው ጎረቤቱን አይደለም። ጎረቤቱን ከእርሱ የለየውን፣ ማኅተሙን በእጁ የያዘውን አካል ከሰሰ። ከሰባት ዓመት በኋላ እዚያው አካባቢ፣ በዚያው ቅሬታ፣ ሌሎች ሰዎች ማኅተሙን የያዘውን ትተው ጎረቤታቸውን ገጠሙ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ ምን ተፈጠረ የሚል ነው።

የተፈጠረው አንደኛው ነገር መልካም የሚባል ነው። በ1986 የይለፍ ሕጉ ተሻረ። ከገጠር የሚመጣው ሰው፣ በከተማም በሰው ጓሮ ተጣብቦ የሚኖረው ሰው ቦታ ፍለጋ ወጣ። በቶኮዛ ጫፍ፣ ከሆስቴሎቹ አጠገብ፣ ፖላ ፓርክ የሚባል የቆርቆሮ ሠፈር ተቆረቆረ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ቆሳ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሠፈሩ ሚስትና ልጆች ያሉበት ነበር። በቁጥር አልጋ ላይ ለሚያድረው ሰው፣ ትናንት የመጣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በቆርቆሮ ቤት እንኳ ሲኖር ማየት አዲስ ንጽጽር ፈጠረ። በዚያው ጊዜ የምሥራቅ ራንድ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይቀንሱ ነበር። ሆስቴሎቹ ወደ ቤተሰብ መኖሪያነት ይለወጡ የሚለው ሐሳብም ይነሣ ጀመር። ሐሳቡን ላቀረቡት ሰዎች ይህ ሰብአዊነት ነው፤ ለብዙ የሆስቴል ነዋሪ ግን በከተማ ያለችውን አንዲት መቆሚያ፣ አልጋውን፣ ሊነጥቁት ነው ማለት ነበር።

ሁለተኛው ፖለቲካው ነው። በፌብሩዋሪ 1990 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሕጋዊ ሆነ፤ ማንዴላም ተፈቱ። በጁላይ የማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ኢንካታ የፖለቲካ ፓርቲ ሆኖ በመላው አገሪቱ አባል መመልመል ጀመረ፤ በጆሐንስበርግ ዙሪያ ደጋፊ ሊያገኝ የሚችለው ደግሞ ዙሉ ተናጋሪ ሠራተኞች በሚያድሩባቸው ሆስቴሎች ነበር። እስከዚያ ጊዜ ሆስቴሎቹ የተደባለቁ ነበሩ። በዚያው ወር በሴቦኬንግ የተጀመረው ግድያ በኦገስት ቶኮዛ ገባ፤ ቆሳ ተናጋሪዎቹ ከሆስቴሎቹ ተባረው ወደ ፖላ ፓርክ ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአልጋና የቤት ጠብ የዙሉና የቆሳ ጠብ ተባለ።

የኩማሎ ጎዳና ጦርነት

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልናገር። በሴፕቴምበር 1991 በቶኮዛ ወደ ስብሰባ ይሄዱ በነበሩ የኢንካታ ደጋፊዎች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ብዙዎች ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ የቶኮዛ ሲቪክ ማኅበር መሪ የነበረው ሳም ንቱሊ ተገደለ። የከተማው ወጣቶች ራስን የመከላከል ቡድን አቋቋሙ፤ በሆስቴሎቹም በኩል አምሳያው ተደራጀ። በሴፕቴምበር 1992 ደ ክለርክና ማንዴላ በፈረሙት ስምምነት ሆስቴሎች እንዲታጠሩና ባህላዊ የጦር መሣሪያ እንዳይያዝ ሲወሰን፣ የሆስቴሉ ሰው ይህን ደኅንነት አላለውም፤ «እኛ ብቻ እንታጠራለን፣ እነርሱ ክላሽንኮቭ ይይዛሉ» አለ። ቡቴሌዚም ከድርድሩ ወጡ።

በ1993 ቶኮዛ፣ ካትሌሆንግና ቮስሎሩስ የአገሪቱ የከፋ የግጭት ሥፍራ ሆኑ። የኩማሎ ጎዳና አንዱ ክፍል መሻገሪያ የሌለው ድንበር ሆነ፤ በሆስቴሎቹ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ነዋሪዎቻቸው ሸሽተው ባዶ ቀሩ። ከሆስቴሎቹ አንዱ ምሻያዛፌ ይባላል፤ «እስኪሞት ምታው» እንደ ማለት ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 1994፣ የመጀመሪያው ነፃ ምርጫ 9 ቀን ሲቀረው፣ የፎቶግራፍ ጋዜጠኛው ኬን ኦስተርብሩክ በዚሁ ጎዳና አካባቢ በተኩስ መሐል ተገደለ። በማግሥቱ ኢንካታ በምርጫው ለመሳተፍ ተስማማ። ከ1990 እስከ 1994 በመላው ደቡብ አፍሪካ በፖለቲካ ግጭት የሞተው ሰው ወደ 14,000 ይገመታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመንግሥት እጅ ነበረበት። በጁላይ 1991 የጸጥታ ፖሊስ የኢንካታን ሰልፎች በምሥጢር በገንዘብ እንደ ደገፈ ተጋለጠ። በማርች 1994 የዳኛ ጎልድስቶን ኮሚሽን ከፍተኛ የፖሊስ መኮንኖች ለኢንካታ ሰዎች የጦር መሣሪያ በማቀበል ተጠርጥረዋል ሲል ሪፖርት አወጣ። እንግዲህ «ሦስተኛ ኃይል» የተባለው ተረት አልነበረም። ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በሦስተኛ ኃይል አሳቦ ማለፍ አይቻልም። እሳት የሚለኩስ እጅ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። እንጨቱን ያደረቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው።

«የብሔር ጠላትነት ነው» የሚለውም ማብራሪያ የቶኮዛን መንገድ አያውቅም። በከተማው ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ፣ ዙሉ የሚናገሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በራስ መከላከያ ቡድኑ ውስጥ ሆነው ከሆስቴሉ ዙሉዎች ጋር ተዋግተዋል። ደንበኛዬ የነበሩት እናት ራሳቸው የዙሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው የሞተው በቋንቋው ምክንያት ቢሆን ኖሮ የሚገድለው ሌላው ወገን በሆነ ነበር። ማህሙድ ማምዳኒ በ1996 ባሳተሙት «ዜጋና ተገዥ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን ጉዳይ ሲመረምሩ፣ ሆስቴሉ በከተማ መካከል የተተከለ ገጠር መሆኑን፣ ክፍፍሉም ከብሔር ይልቅ ከተሜና ገጠሬን ለየብቻ የማስተዳደር ሥርዓት ውጤት መሆኑን አሳይተዋል። ብሔር በኋላ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን እውነት ሆነ። ሰው በስሙ ከተገደለ ያ ስም ከእንግዲህ ተራ ስም አይደለም።

ስለ ቅርብ ሚዛን

የቅሬታ መጠን ከችግር መጠን ጋር እኩል እንደማይሄድ ሊቃውንት ካወቁት ቆይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳሙኤል ስታውፈርና ባልደረቦቹ የአሜሪካን ወታደሮች ሲያጠኑ፣ በ1949 እንዳሳተሙት፣ ማዕረግ ፈጥኖ በሚገኝበት በአየር ኃይሉ ውስጥ ስለ ዕድገት ያለው ቅሬታ፣ ማዕረግ እንደ ሰማይ ከራቀበት ከወታደራዊ ፖሊሱ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ፖሊሱ አጠገቡ ያለው ጓደኛውም ስላልተሾመ ቅር አይለውም፤ የአየር ኃይሉ ሰው ግን አጠገቡ ያለው ተሹሞ እርሱ ሲቀር ሆዱ ይቆስላል። የኦክስፎርዷ ፍራንሲስ ስቱዋርት ደግሞ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በግለሰቦች መካከል ካለው የሀብት ልዩነት ይልቅ በቡድኖች መካከል ያለው፣ እርሳቸው የጎንዮሽ አለመመጣጠን የሚሉት፣ ለግጭት እንደሚያጋልጥ አስረድተዋል። በተለይም ልዩነቱ በሀብትም በሥልጣንም በአንድ አቅጣጫ ሲደራረብ፣ ሕዝቡም በዚያው መልክ ሲያየው ነው።

ቶኮዛን በዚህ መነጽር ስናየው አንድ ነገር ይገለጣል። በዓለም ላይ ከታዩት ትላልቅ የሀብት ልዩነቶች አንዱ፣ በአልበርተን ነጮችና በቶኮዛ ጥቁሮች መካከል ያለው፣ ከኩማሎ ጎዳና በመኪና ጥቂት ደቂቃ ይርቅ ነበር። ጦርነቱ ግን የተካሄደው በአልጋውና በቆርቆሮ ቤቱ መካከል ነው። ትልቁ ልዩነት ከመለመዱ የተነሣ እንደ ተፈጥሮ ይታያል፤ ትንሹ ልዩነት ግን በየማለዳው ከደጅህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። የቅርቡ ልዩነት ብቻውንም አይገድልም። የሚገድለው ሒሳቡ በቡድን ስም ሲያዝ ነው፤ «እገሌ ቤት አለው» መባሉ ቀርቶ «እነርሱ ቤት አላቸው» ሲባል ነው።

ይህ ደግሞ ሕዝቡ ከልቡ ያፈለቀው አልነበረም። ሰውን በአልጋ፣ በባንቱስታን፣ በቋንቋ መድቦ የመዘገበው መንግሥት ነው። መዝገቡ ሲቀደድ እንኳ ሰዎቹ ራሳቸውን በመዝገቡ አርእስት መጥራት ቀጠሉ። ሪኮቶ በ1983 ማኅተሙን የያዘውን አካል ሊከስ የቻለው አካሉ በፊቱ ቆሞ ስለነበረ ይመስለኛል። በ1990 ግን አሮጌው ማኅተም እየተነሣ፣ አዲሱ በማን እጅ እንደሚገባ ሳይታወቅ፣ ሁሉም «ሲከፋፈል እኛ እንቀራለን» ብሎ ሰጋ። ሰው ካጣው ነገር ይልቅ ሊያጣው ነው ብሎ ለሚፈራው ነገር አጥብቆ ይዋጋል።

ከ1994 በኋላ የሆነውም ይህን ያጠናክራል። ለሦስቱ ሠፈሮች ልዩ የፕሬዝዳንት ፕሮጀክት ተቋቁሞ የወደሙ ቤቶች ተጠገኑ፤ ሆስቴሎቹም በዕቅዱ ተካተቱ። ከሁለቱም ወገን ከተዋጉት ወጣቶች የተወሰኑት በአንድ የጸጥታ ሥራ ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። ሐውልቱም ለሁለቱም ወገን ተሠራ። ድህነቱ አልጠፋም፤ ሆስቴሎቹም አልፈረሱም። ግን «ለእነርሱ ተሰጠ፣ ለእኛ ተነፈገ» የሚለው ሒሳብ ቢያንስ በዚያ ጎዳና ላይ ደም ማፍሰስ ተወ። ስምምነቱ ሁሉን ሀብታም አላደረገም፤ ሁሉን ባለ መብት ነዋሪ አደረገ።

የእኔ ደብተር

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የተረዳሁት በ2008 ነው፤ ያውም በፍርሃት። በሜይ ወር በአሌክሳንድራ የተጀመረው የመጤ ጥላቻ ጥቃት በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ምሥራቅ ራንድ ሠፈሮች ተዛመተ። 62 ሰው ሞተ፤ ከእነርሱም 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ያን ሰሞን ሎኬሽን መግባት ትተን፣ አበሻ በሚበዛበት በጄፒ ጎዳና፣ በኋላ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በተሰየመው መንገድ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተጨናንቀን አደርን። ሱቃቸው የተዘረፈ ነበሩበት፤ በልብሳቸው ብቻ ያመለጡ ነበሩበት።

የሁላችንም ማብራሪያ አንድ ነበር፤ ምቀኝነት። «ምቀኛ አታሳጣኝ» እየተባባልን ተጽናናን። ከዚያም ሒሳቡ ተጀመረ። «መንግሥት ቤት ይሠራላቸዋል፣ በየወሩ ብር ይቆርጥላቸዋል፤ እኛ በጉልበታችን ብንሠራ አቃጠሉን» አልን። እኔም ከሁሉ አስበልጬ አልሁ። በሎኬሽን በኩል የሚባለውንም እናውቅ ነበር፤ «ትናንት ባዶ እጃቸውን መጡ፣ ዛሬ ሱቁ ሁሉ የእነርሱ ነው፤ ለእኛ የተሠራውን ቤት በገንዘብ ይገዙታል»። ሁለቱም ሒሳብ ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም ሒሳብ ውስጥ ግን አንድም የሰው ስም የለም።

ነገሩ በመጠኑ ሲረግብ የዱቤ ደብተሬን ገለጥሁ። ከዚያ በፊት «የሎኬሽን ሰዎች ዕዳዬን ይዘው ቀሩ» ስል ነበር። በደብተሩ ላይ ግን «የሎኬሽን ሰዎች» የሚባል መስመር አልነበረም። ቤት ቁጥርና ስም ነበር፤ አንዷ ሁለት ክፍያ የቀራት፣ አንዱ ከጀመረ የማይከፍል፣ አንዱ የአልጋ ቁጥር ብቻ ያለው ሽማግሌ። ወደ ቶኮዛ በተመለስሁ ጊዜ አንዳንዱ ከፈለኝ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ። የልጃቸው ስም በሐውልቱ ላይ ያለው እናት የቀረባቸውን ከፈሉና፣ በዚያ ሰሞን ሲዘርፉ ከታዩት መካከል የጎረቤታቸው ልጅ እንዳለበት ነገሩኝ። «ያኔም እንዲህ ነበር የተጀመረው። ልጆቹ 'እነርሱ' ማለት ሲጀምሩ» አሉ።

እኛስ በራሳችን መካከል? ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመጡት ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ ናቸው። ቀድመን ከአዲስ አበባ የመጣነው በእነርሱ ላይ፣ እነርሱም በእኛ ላይ የምንይዘውን ሒሳብ አንባቢ አያጣውም። በባዕድ አገር፣ በአንድ እሳት እየተለበለብን፣ የራሳችንን አልጋና ቤት ለይተን ነበር።

ወደ አገራችን

ስለ አገራችን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ቁስሉ አልደረቀምና። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። ጌዴኦና ጉጂ በአንድ የቡና አገር ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ፣ ጎንዶሮ በተባለ የዕርቅ ሥርዓት ደም ያደረቁ ሕዝቦች ናቸው። ከ1991 በኋላ አንዱ በደቡብ ክልል፣ አንዱ በኦሮሚያ ተመደበ። ከድንበሩ ማዶ ተወልዶ ያደገ ጌዴኦ በመዝገብ «የሌላ ክልል ሰው» ሆነ፤ ጉጂውም በገዛ መሬቱ ላይ ነገ አናሳ እሆናለሁ ብሎ ሰጋ። በ2018 በሁለቱም በኩል ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ሁለቱም ወገን ገበሬ ነው፤ ሁለቱም ወገን የመሬት ጥበት ያሠቃየዋል። ልዩነታቸው ከኩማሎ ጎዳናው ልዩነት ብዙ የራቀ አልነበረም። የመሬት ጥበቱ እውነት ነበር፤ ማን መኖር እንደሚፈቀድለት የሚያሳየው ማኅተም ግን በብሔር ስም ተቀርጾ ነበር።

ይህን ስል የቡድን በደል የለም ማለቴ አይደለም። ቋንቋው የተናቀ፣ መሬቱ የተነጠቀ፣ ከሥልጣን የተገለለ ሕዝብ በአገራችን ነበረ፤ አለም። «ሁላችንም ድሃ ነን፣ ስለ ብሔር አታንሡ» የሚል ሰው ለሆስቴሉ ነዋሪ «አልጋም ቤትም አንድ ነው» እንደሚል ሰው ነው። በደሉ መቆጠር አለበት። ጥያቄው የሚቆጠረው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ሪኮቶ በደሉን ቆጥሮ ማኅተም ያዡን ከሰሰ፤ ከእርሱ ጋር በሺዎች ዳኑ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጡት በደላቸውን ቆጥረው ጎረቤታቸው ላይ ጻፉት፤ ስማቸው በድንጋይ ላይ ቀረ።

ኖቬምበር 2 ቀን 2022 የሰሜን ኢትዮጵያን ጦርነት ለማቆም የኢትዮጵያ መንግሥትና የሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይ ተወካዮች በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈራረሙ። ከፕሪቶሪያ እስከ ቶኮዛ በመኪና ከአንድ ሰዓት እምብዛም የማይበልጥ መንገድ ነው። ዜናውን የሰማሁ ዕለት፣ ተደራዳሪዎቹን አንድ ሰው መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ ኩማሎ ጎዳና ቢያመጣቸው ብዬ ተመኘሁ። ንግግር አያስፈልግም ነበር። በሐውልቱ ፊት ቆመው ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ቢያነብቡ፣ የትኛው ስም የየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ቢሞክሩ፣ ቢያቅታቸው፣ ይበቃ ነበር።

የእኛን ሟቾች ስም እስካሁን በአንድ ድንጋይ ላይ የጻፈ የለም። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ብቻ ይቆጥራል፤ የሌላውንም ሟች ከራሱ ዕዳ ላይ ይቀንሳል። ደንበኛዬ የነበሩት እናት በሕይወት እንዳሉ አላውቅም፤ ቶኮዛን ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። ደብተሩ ግን አሁንም ከእኔ ጋር ነው። ዕዳቸውን ጨርሰው ስለከፈሉ በስማቸው ላይ መስመር አስምሬበታለሁ፤ ስማቸው ግን ከመስመሩ ሥር ይነበባል።